ፊርማ ወይስ ደብዳቤ

የፀጉር ቤቴ ታፔላ ላይ የመጨረሻዋ ፊደል ስድስት ዓመት ሙሉ ባዶ ነበረች። ሌሎቹ ፊደላት ቀይ ተቀብተው፣ ጥላቸው ሳይቀር በጥቁር ተስሎላቸው ግጥም ብለዋል። «ፀጉር ቤት» ከሚለው የመጨረሻዋ «ት» ግን ዳር ዳሯ ብቻ በቀጭን መስመር ተሰምሯል፤ ውስጧ ነጭ ነው። አዲስ ደንበኛ ሁሉ ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ «ቀለም አለቀባችሁ እንዴ?» ይለኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ አብሬ እስቅ ነበር። ስድስት ዓመት አንድ ቀልድ የሰማ ሰው ግን ምላጭ ባይዝ ይመረጣል።

ታፔላውን የጻፉልኝ ጋሼ ቀጥ በል ናቸው። የወጣላቸው ቅጽል ነው እንጂ ስማቸው አይደለም። ክር ወጥረው መስመር ሲያወጡ መሰላሉን ከታች የሚይዝላቸውን ሰው ሁሉ «ቀጥ በል!» እያሉ ይቆጣሉ። አርባ ዓመት ያህል የዚህን ከተማ ዳቦ ቤት፣ ክሊኒክና ጋራዥ በእጃቸው ጽፈዋል። መስታወት በር ላይ ከውስጥ በኩል ገልብጠው ሲጽፉ ያየ ሰው ጨርሶ ተሳሳቱ ብሎ ያዝንላቸዋል፤ ወጥቶ ከውጭ ሲያነበው ግን አንዲት እንከን የለውም። ሥራቸው ዝግ ያለ ነው። አንድ ቀን ቆርቆሮውን ይፍቃሉ፣ በማግስቱ ነጭ ይቀባሉ፣ በሦስተኛው ቀን በጠመኔ መስመር ያወጣሉ። ያጣደፏቸው እንደሆነ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለው ብሩሻቸውን ይሰበስባሉ።

አንድ ሕግም አላቸው። ባለቤቱ በመጀመሪያው ቀን በሩን እስኪከፍት ድረስ የመጨረሻዋን ፊደል አይሞሏትም። «ያልተከፈተ ቤት ላይ ያለቀ ታፔላ ውሸት ነው» ይላሉ። እኔ ለዚህ ሰፈር አዲስ ነበርኩና ነገሩ ደስ አለኝ። ቤቴን በከፈትኩ ቀን በጠዋት መጡ፣ መሰላሉ ላይ ወጡ፣ ፊደሏን ትክ ብለው አዩዋትና ሳይነኳት ወረዱ።

«ምነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ትቆይ» አሉኝ።

ቆየች። በኋላ ዞር ዞር ብዬ ሳይ በቅርብ ዓመታት የጻፏቸው ሁሉ እንደዚያው ናቸው፤ የድሮዎቹ ብቻ ሙሉ ናቸው። ወጣቶቹ «የሳቸው ስታይል ነው» ብለው ተረጎሙት። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው «እርጅና ነው» አለ። እኔ ደግሞ ስንፍና ነው ብዬ ደመደምኩ። እሳቸውን መልሶ የጠየቀ ግን አልነበረም።

እንግዲህ ድራማው የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ረቡዕ ምሽት ሁላችንንም ቤት የሚሰበስብ የቴሌቪዥን ድራማ ነበር፤ ስለ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት። ዋናው ሰውዬ አንደበቱ ማር ነው፤ ለሳሙናም ለመድንም እኩል የሚያስለቅስ ቃል አያጣም። ለገዛ ልጁ ግን ቃል አጥቶ፣ ሕፃን ሳለች ጥሏት ወጥቷል። በመጨረሻው ክፍል ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ተቀምጧል። አንደኛው ትልቅ ውል ነው፤ ከፈረመ ለዓመታት ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ሌላኛው ልጁ «ና፣ እየጠበቅሁህ ነው» ብላ የላከችለት ደብዳቤ ነው፤ ከሥሩ ለመልሱ ባዶ ቦታ ትታለታለች። ሰውዬው እስክሪብቶውን ያነሳል፣ ያጎነብሳል፣ ካሜራው ፊቱ ላይ ይቀራል። ይጽፋል። ፈገግ ይላል። ከዚያ የቱ ላይ እንደጻፈ ሳያሳዩን የተዋንያኑን ስም ማውረድ ጀመሩ። እኔ በበኩሌ ትራሴን ቴሌቪዥኑ ላይ ወርውሬያለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ፍርድ ቤት ሆኖ ዋለ።

«ፈርሟል! ሰው ጥቅሙን ጥሎ የት ይሄዳል?» አለ ልብስ ሰፊው።

«እግዜር ይይልህ! ፈገግ ሲል አላየህም?» አለች ከጎናችን ያለችው የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ በሩ ላይ ቆማ። «ሰው ለልጁ ሲጽፍ ነው እንደዚያ ፈገግ የሚል።»

ልብስ ሰፊው ታናሽ ወንድሙ ሱቁን ትቶለት የጠፋ ሰው ነው። እሷ ደግሞ አባቷ በየእሑዱ የሚደውልላት ናት። ሰው ያላለቀ ነገር ሲሰጡት ቤቱ ባለው ቀለም ነው የሚሞላው። እኔም ብሆን የማምነው ፈርሟል የሚለውን ነበር፤ የእኔን ቤት ጉድ ግን እዚህ አላወራም።

ጋሼ ቀጥ በል አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ይዘዋል። ገጹን ካገላበጡ ሩብ ሰዓት አልፏል።

«ፈርሟል» አሉ ቀና ሳይሉ። «እንደሱ ያለ ሰው ለልጁ አይጽፍም። ደግሞስ ምን ብሎ ይጽፋል?»

የሁላችንም ዓይን ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ከተቆረጠ ፀጉር ሌላ የሚታይ ነገር ያለ ይመስል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ አንድ ልጅ አለቻቸው። ሥራውን ከሳቸው ተምራ፣ ካደገች በኋላ ግን ባነር በማሽን የሚያትም ድርጅት ገባች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሥራዋን «እጅ የሌለው ሥራ» ብለው አናናቁባት። እሷም የአባቷ ልጅ ናት፤ «አባዬ፣ ያንተ ሥራ እኮ ሞቷል፤ የሚቀብረው አጥቶ ነው» አለቻቸው። እሳቸውም «እንግዲያው ከሬሳ ጋር አንድ ማዕድ አትቅረቢ» አሉ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። ልጅቷ እጇን ታጥባ ወጣች፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። እናትየው በየሳምንቱ እየሄዱ ያይዋታል። ተመልሰው ወሬዋን ለጎረቤት ሲያወሩ ጋሼ አንድም ነገር አይጠይቁም፤ ብቻ በዚያ ሰዓት ጫማቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ይቀመጡና የተወለወለውን ጫማ እንደገና ይወለውሉታል።

ድራማው ካለቀበት ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ በፊተኛው ሳምንት የተጻፈ አንድ ወረቀት ይዘውልኝ መጥተው ነበር። «መነጽሬን ረስቼ ነው፤ እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። መነጽሩ የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ነው፤ ግማሹ ብቅ ብሏል። ዝም ብዬ አነበብኩ። «አባዬ፣ የራሴን ሱቅ የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ሰኞ ልከፍት ነው። ታፔላውን በእጅ ተጽፎ ነው የምፈልገው። ካልመጣህ ባዶውን እሰቅለዋለሁ።» ሌላ የለውም። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ መታጠፊያው ሊበጠስ ደርሷል። ሃያ ጊዜ ሳይነበብ እንደዚያ አይሆንም።

«ታዲያ ይሄዳሉ?» አልኳቸው።

«መነጽሬን ስረሳ እንጂ ሐሳቤን ስረሳ አይተህ ታውቃለህ?»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አልኩ በሆዴ። በአፌ ባወጣው ፂማቸውን ሌላ ቤት ነው የሚላጩት።

ስለዚህ ያን ሐሙስ «ፈርሟል» ሲሉ ስለ ድራማው ሰውዬ እንዳልሆነ ገባኝና አንጀቴን በሉት። እኔ ደግሞ ሰው ሲያቅማማ ማየት አልችልም።

«የለም ጋሼ! ጽፎላታል!» አልኩ እየጮኽኩ። «ዓይኔ ይጥፋ፣ ጽፎላታል! አላዩትም እንዴ? ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር!»

እንባ አላቀረረም። ልብስ ሰፊው አፉን ሊከፍት ሲል በማበጠሪያዬ ጎኑን ነካሁት። የማስታወቂያ ሥራ ማለት ይህ ከሆነ ያን ቀን ሠርቻለሁ።

«እንባ?» አሉ ጋሼ። «እኔ እንባ አላየሁም።»

«ቅዳሜ ከሰዓት ይደገማል። እዚሁ ይዩት።»

ቅዳሜ መጡ፤ ለመላጨት ነው ብለው። ቴሌቪዥኑ ከወንበሩ ኋላ ግድግዳው ላይ ስለተሰቀለ ደንበኛ የሚያየው በመስታወት ነው። አረፋውን ቀብቼ የቀኝ ጉንጫቸውን ጨረስኩ። ሰውዬው ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ምላጬን አንስቼ ወደ ግራ ዞርኩ። እንባ እንደሌለ አውቃለሁ። ሰውዬው አጎነበሰ። ጻፈ። ፈገግ አለ።

«ትከሻው!» ብለው ከወንበሩ ብድግ አሉ።

«ኧረ ጋሼ! ጉሮሮዎትን ላርደው ነበር እኮ!»

«ዝም በል፣ ትከሻው! ሁላችንም ፊቱን ስናይ! እኔ አርባ ዓመት በእጄ ስጽፍ ኖሬ ፊቱን አየሁ!» ከነፎጣቸው ዞረው ጣታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰሩ። ሰውዬው አልፏል፤ ስም እየወረደ ነው። «ፊርማ የእጅ አንጓ ሥራ ነው፤ አንዴ ቸብ አድርጎ ማለፍ ነው። የዚህ ሰው ትከሻ ግን ሄደ፣ ተመለሰ። ዓይኑም አብሮ ተመለሰ። መስመር ጨርሶ ሌላ መስመር ጀመረ ማለት ነው። ስሙን ሲፈርም መስመር የሚጨርስ ሰው አለ?»

«በመስታወት ተገልብጦ እኮ ነው ያዩት…»

«ተገልብጦ ማንበብ ለእኔ ልታስተምረኝ ነው?» አሉና ድንገት ድምፃቸው ወረደ። «ምን ብሎ እንደጻፈላት አላውቅም። ግን ጽፏል።»

ፎጣውን ከአንገታቸው ፈትተው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ጋሼ፣ ግማሹ ፂም ቀርቷል!»

«ይቆይ» ብለው ከነአረፋቸው ወጡ። በመስኮቱ ሳይ ወደ ቤታቸው ነበር የዞሩት፤ ትንሽ ቆይተው ብሩሽና ጣሳ ይዘው፣ መሰላላቸውን ተሸክመው አለፉ። በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ሮጠ አይባልም እንጂ ሮጠዋል።

ማታውን ያችን ትዕይንት በስልኬ አወጣኋትና እየመለስኩ አየኋት። ሰባት ጊዜ አየሁ። ትከሻው ትንሽ ይነቃነቃል፤ ትንፋሽም ሊሆን ይችላል። ዓይኑ ሲመለስ አንዴም አላየሁም። እሳቸው ያዩትን በእርግጥ አይተውት ይሁን፣ ወይስ ማየት ስላማራቸው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የሆነውን ማክሰኞ የነገሩኝ ባለቤታቸው ናቸው።

«ልጅቷ በሩን ስትከፍት ቆሟል። ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ፣ በግማሹ አረፋው ደርቆበት! ምን ትበል? ‹አባዬ፣ ፊትህ ምን ሆነ?› አለችው።»

«እሳቸውስ?»

«‹የሚላጨኝ ሰው ዝግ ያለ ነው› አላት።»

«እኔን?!»

«አንተን። እሷ እንደሆነች ቆርቆሮውን ፍቃ፣ ነጭ ቀብታ፣ መስመሩን በጠመኔ አውጥታ ነው የጠበቀችው። አልመጣም ቢል ባዶውን የምትሰቅለው ያንኑ ቆርቆሮ ነበር።»

«መስመሩ ቀጥ ያለ ነው?»

«እሱም መጀመሪያ ያየው እሱኑ ነው፤ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ። ከዚያ ‹ደህና ነው› አለ። ሳቋ ጎረቤት ተሰማ። እያለቀሰች ነው የምትስቀው።» እናትየው በነጠላ ጫማቸው ወለሉን ቧጠጥ ቧጠጥ አደረጉ። «ሰኞ ጠዋት በሩን ከፈተች። እሱ ከመሰላሉ ወርዶ ብሩሹን ሰጣት። ድሮም እኮ የመጨረሻዋ የሷ ነበረች።»

«የመጨረሻዋ ምን?»

«ፊደሏ ነዋ! ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ትከሻው ላይ አውጥቶ የሚያስሞላት እሷን ነው። የድሮዎቹን ሁሉ እሷ ናት የጨረሰችው። ከሄደች ወዲህ እንዲያው እጁ እምቢ አለው።» ቀና ብለው አዩኝ። «አታውቅም ነበር እንዴ?»

እናትየው ከሄዱ በኋላ ወጥቼ ታፔላዬ ሥር ቆምኩ። ስድስት ዓመት የተቆጣሁባትን ፊደል አየኋት። አፈርኩ። በየቀኑ የሰው ፊት በእጄ እየያዝኩ፣ የዚህን ሰው ፊት አንድ ጊዜ እንኳ ሳላነበው ቀርቼ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ ስገባ ሱቄ ፊት ለፊት መሰላል ቆሟል። ጋሼ ከታች በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ ፂማቸው አሁንም ግማሽ ነው። ከላይ አንዲት ሴት እጅጌዋን ሰብስባ፣ ቀይ ቀለም የተነከረ ብሩሽ ይዛ ተቀምጣለች።

«ቀጥ በል፣ አባዬ!» አለቻቸው። እሳቸው ቀጥ አሉ።

ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቆሟል።

«ከሚሞሉት ታፔላዎች ስንተኛ ነኝ?» አልኳቸው።

«አንተ ሦስተኛ ነህ» አሉ ጋሼ። «ያልተሞሉት አርባ ሦስት ነበሩ። አርባ ይቀሩናል።»

ቆጥረዋቸው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ ቆጥረዋቸዋል።

ልጅቷ ብሩሹን ፊደሏ አጠገብ አድርሳ ያዘችው። ቀለሙ ጠብ ሊል ነው፤ እሷ ግን አትጽፍም፤ ወደ ታች ታየኛለች። ምን እንደምትጠብቅ አልገባኝም።

«ክፈት እንጂ!» ብለው ተቆጡኝ ጋሼ። «ባልተከፈተ ቤት ላይ ልትጨርስልህ ነው?»

ቁልፉን አወጣሁ። ቀዳዳውን ሁለቴ ሳትኩት። በሦስተኛው በሩ ተከፈተ፤ ከራሴ በላይም ብሩሹ ቆርቆሮውን ሲነካ ሰማሁ።