ውሃ ብቻ ይበቃዋል የተባለው ማካሮን

ሆሳዕና፣ ጎፈር ሜዳ ሄዳችሁ “ኬክ የምትሠራዋ ገነቴ ጋ” ካላችሁ ባጃጁ በሯ ላይ ያወርዳችኋል። ታፔላ የላትም። አንድ ኦቭን፣ አንድ ሚክሰር፣ ሳሎኗ ጥግ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፤ ሱቅ ካላችሁት ሱቋ ይኸው ነው። ሀብቷ ስሟ ነው። ስም ደግሞ እዚህ ከተማ ቶሎ ይበላሻል፤ አንዱ “የእገሊትን ኬክ በልቼ ሆዴን ቆረጠኝ” ካለ ወሬው በማግስቱ ፎንቆ ገበያ ይውላል።

ገነቴ ከሀድያ ገበሬ ቤት የወጣች ፕሮቴስታንት ናት። ደንበኞቿ ግን ግማሾቹ ኦርቶዶክሶች ናቸው። ስለዚህ የማትጾመውን ጾም ከሚጾሙት እኩል ታውቀዋለች። ለረቡዕና ለዓርብ የታዘዘ ኬክ በዘይት ይጋገራል፤ ለጾም የለየችው ጎድጓዳ ሳህን ቅቤ ነክቶት አያውቅም። ማንም ቆሞ አይቆጣጠራትም፤ ለይታ የምትሠራው እንዲያው በራሷ ነው።

በገና ጾም መሐል ወይዘሮ ሰብሌ መጡ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ገነቴን ጨምሮ የሰፈሩን ግማሽ ያስተማሩ። ቤተሰባቸው ከሰሜን መጥቶ እዚሁ የከረመ ነው፤ ሰው ሁሉ “ቲቸር” ይላቸዋል። እሁድ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ነው። ልጃቸው እንድርያስ ከአዲስ አበባ ያመጣላቸውን ሁለት ካርቶን የተዘጋጀ ዱቄት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ላዩ ላይ ሮዝ፣ ክብ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ የተጣበቀ ጣፋጭ ተስሏል።

“ማካሮን ይባላል” አሉ።

“ማካሮኒ?” አለ የገነቴ ባል ማቴዎስ፣ ደጅ ባጃጁን እየወለወለ። “እሱንማ እኔም እቀቅልላችሁ የለ እንዴ!”

“አንተ ባጃጅህን ጥረግ! ስሚ ገነቴ፣ ለክርስትናው ነው። ደግሞ የጾም ነው። ሥዕሉን እዪው፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አለቀ። እንቁላል የለ፣ ወተት የለ።”

ጽሑፉ የቱርክ ነው፤ ከሦስቱ አንዳቸውም አያነቡትም። ሥዕሉ ግን ግልጽ ነው፤ ውሃ፣ ሚክሰር፣ ትሪ፣ ሰዓት፣ ኦቭን። ለመሐሉ ክሬም ቅቤ ተስሏል።

“ቅቤውን በማርማላታ እተካዋለሁ” አለች ገነቴ።

“ድሮም ክፍል ውስጥ ጎበዝ ነበርሽ።”

“ቲቸር፣ ድሮ እኮ ጆሮዬን ነበር የሚጎትቱት።”

“ስለጎተትኩት ነዋ!”

ዓርብ ጠዋት ሥራ ጀመረች። ዱቄቱን በውሃ መታችው፤ እንደ ሳሙና አረፋ ነጥቶ ተቆለለ። በላስቲክ ጫፍ ትሪ ላይ ክብ ክብ አድርጋ ጨመቀችው። የመጀመሪያው ትሪ እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ወጣ። እሳቱን ቀነሰች። ሁለተኛውን ልታስገባ ስትል መብራት ጠፋ። ትሪውን ይዛ ቀረች፤ ምን ታድርግ! መብራቱ እስኪመጣ የክቦቹ ፊት ደረቀ፤ ጣቷን ስታስነካው አልያዛትም። ኋላ ያንኑ ስትጋግረው ላዩ ለስልሶ፣ ከሥሩ እንደ ቀሚስ ጠርዝ ተሸብሽቦ ወጣ። ያን ጊዜ ነው ካርቶኑ ላይ የተሳለው ሰዓት የገባት፤ ለካ “ይረፍ” ማለቱ ነው። መብራት መጥፋት ለሰው ጠቅሞ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሦስተኛውን ትሪ አሳርፋ፣ እየዘመረች ጋገረች። በማርማላታ ጥንድ ጥንድ አድርጋ ስትደረድረው ጠረጴዛዋ ከአዲስ አበባ ኬክ ቤት መስታወት አያንስም ነበር።

ከዚያ ሳህኑን ልታጥብ ሙቅ ውሃ አፈሰሰችበት።

እንቁላል እንቁላል ሸተታት።

ይህን ጠረን የማያውቅ አበሻ የለም። ሻይ ቤት ገብቶ “ብርጭቆው እንቁላል እንቁላል ይላል” ብሎ የሚመልስ ሕዝብ ነው። ገነቴ ሳህኑን አሸተተች፤ እጇን አሸተተች። ያ የጾም ሳህኗ ነው፤ እንቁላል ዞሮበት አያውቅም። ማቴዎስን ጠራችው። ካርቶኑን ገለበጠና ከታች ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በስልኩ አንስቶ አስተረጎመው። ስልኩም እቅጩን አወጣው፦ የእንቁላል ነጭ ዱቄት።

ማቴዎስ አንገቱን አከከ። “እንግዲህ እንቁላሉን የሰበርሽው አንቺ አይደለሽም። ያመጡት እሳቸው ናቸው። ደግሞ አንቺ አትጾሚ። ማን ያውቃል?”

ይቺ “ማን ያውቃል?” የምትባል ነገር ናት አገር የጨረሰች! በርበሬ ውስጥ ሸክላ የሚፈጨው፣ ማር ውስጥ ስኳር የሚያቀልጠው፣ ወተት በውሃ የሚያበዛው ሁሉ መጀመሪያ ይቺን ይልና እጁን ይሰዳል። ማቴዎስ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሁላችንም ጋ ስላለች ነው አፉ ላይ የመጣችው።

“አንተ ታውቃለህ” አለችው ገነቴ። “አንተ ያወቅኸው ባጃጅ ተራ ይደርሳል፤ ከባጃጅ ተራ ዱራሜ ለመድረስ ደግሞ ነዳጅ አይፈልግም።” ከዚያ ሳቋን ተወችው። “ማቴ፣ ሰዎቹ ከእጄ ሳያዩ ነው የሚበሉት። ሳያዩ!”

ሁለት ማካሮን በሳህን፣ ካርቶኑን በብብቷ ይዛ ቲቸር ቤት ሄደች። ግቢው ውስጥ ድንኳን እየተተከለ ነበር። ቲቸር ማካሮኑን ሲያዩ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው፤ ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

“ዱቄት ነው እኮ! ዱቄት እንቁላል ነው እንዴ?”

“የዱቄት ወተት ወተት አይደለም ወይ ቲቸር?”

ቲቸር ተቀመጡ። “ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። ለንስሐ አባቴ ሳይቀር። ምናለ ባትነግሪኝ? ባትነግሪኝ እኔ ምን ኃጢአት ነበረብኝ?”

“የእኔ ይሆን ነበራ።”

“አንቺ ምን ቸገረሽ፣ አትጾሚ!”

“አልጾምም ቲቸር። ሰው ግን አላስገድፍም።”

የማን ሃይማኖት ይበልጣል እያሉ ማይክ የሚነጣጠቁ ሁሉ፣ ከሁሉም ወገን፣ መጥተው ይህን በሰሙ!

ቲቸር ግን ወዲያው አልለዘቡም። ቁጣቸው ሐፍረት ነበር። “በይ ተዪው። እሁድ ባዶ ጠረጴዛ ታቅፌ ልቀመጥ!”

“ባዶ አይሆንም” አለች ገነቴ። “ማካሮንም አይሆንም።”

ማካሮኑን የማቴዎስ ባጃጅ ተራ የማይጾሙት ልጆች በሻይ ጨረሱት። እንደ ቆሎ ነው የቃሙት፤ አንዱማ “ገና ሳላኝከው ጠፋ፣ ሌላ የለም?” ብሏል። ገነቴ ቅዳሜ ምንም ያልነካው አዲስ ሳህን አወጣች። እናቷ ከገጠር የላኩላት ደረቅ ቡላ ነበራት፤ ከእንሰት የሚወጣው ያ ነጭ ዱቄት። ከፉርኖ ዱቄት ጋር ቀላቅላ በዘይትና በስኳር አሸችው፤ ከቀይ ሥር ጭማቂ ጠብ አድርጋ ሮዝ አስመሰለችው፤ በትንሽ ብርጭቆ አፍ ክብ ክብ ቆርጣ ጋገረችው። እንደ ማካሮኑ አላበጠም፤ አፍ ውስጥ ግን ፍርክስ ይላል። በማርማላታ ጥንድ ጥንድ አድርጋ ደረደረችው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ድንኳኑ ሞላ። ወይዘሮ ወይንሸት የምትባል ነጋዴ አለች፤ በጾም ወራት የእያንዳንዱን ምግብ ዘር ማንዘር ሳትጠይቅ አትቀምስም። ትሪው ፊቷ ሲደርስ እጇን ሰበሰበች።

“ይሄ ሮዝ ነገር ምንድን ነው?”

“ማካሮን ነው፣ እኔ ነኝ ከአዲስ አበባ…” ብሎ እንድርያስ ደረቱን ነፋ።

“አይደለም” አለች ገነቴ ትሪውን እንደያዘች፣ ድምጿን ሳትቀንስ። “ቡላ ነው።”

ከወዲያ ማዶ አንዳንዱ ሳቀ። እንድርያስ ወደ እናቱ ዞረ። ቲቸር ሕፃኗን ታቅፈው ነበር፤ እዚያ ካለው ሰው ዓርብ የሆነውን እሳቸውና ገነቴ ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

“ታዲያ የጾም ነው?” አለች ወይንሸት፣ እጇን እንደሰበሰበች።

ቲቸር ሕፃኗን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዛወሩ።

“ገነቴ ናት የሠራችው” አሉ።

ወይንሸት የሰበሰበችውን እጇን ዘረጋች። ሁለት አነሳች።