ለሽምግልና የተጠራው ጎርፍ

ጋሽ አሊ ገና ሳይነጋ የቤቴን በር ሲያንኳኩ ሻይ ጥጄ ነበር። ከኋላቸው ሌሎች ሁለት የቆቦ ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ከቆቦ እኔ ወዳለሁበት ሮቢት ድረስ የሚያመጣቸው ከመርዶ ሌላ ጉዳይ አልነበረም።

«እማዬ ናት?» አልኩ።

«እናትሽ ደህና ናት» አሉ።

ከእሷ ሌላ የቀረኝ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ይርጋ ማታ ከዋጃ ሞንታርቦውን ጭኖ ሲመለስ የተሳፈረባት ባጃጅ ተገልብጣ ሞቶ ነበር። ሻዩን ከእሳቱ አወረድኩ። ሰዎቹን ግቡ ማለቴን ግን አላስታውስም።

ይርጋን ቆቦ ውስጥ ፊቱን የማያውቁት እንኳ ድምፁን ያውቁታል። ሞንታርቦ ያከራያል፣ ራዲዮ ይጠግናል። የጠፋ ግመል፣ የእርዳታ ስንዴ፣ የከብት ክትባት፣ ለሕዝብ የሚነገር ነገር ሁሉ በእሱ አፍ ያልፍ ነበር። ተረጋግቶ መቀመጥ አያውቅበትም። ምሳውን ቆሞ ይጎርሳል፣ ወሬ ጀምሮ ደጅ ይወጣል፣ ሲመለስ ሌላ ወሬ ይጀምራል።

«ቁጭ በል እንጂ፤ የሚያባርርህ አለ?» ትለው ነበር እናታችን ብዙነሽ።

«ተረጋግተሽ ብትወልጂኝ ኖሮ እረጋጋ ነበር።»

አባታችን የሞተው ይርጋ ገና ልጅ ሳለ ነው። በእኛ ቆላ ዝናቡ ብቻውን ማሽላ አያደርስም። ክረምት ሲገባ ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደውን ጎርፍ ከወንዙ ጠልፈን በቦይ ወደየማሳችን እንመራዋለን። ሁሉም ተራ አለው፤ ተራውን የሚያደላድለው ሰው የውሃ አባት ይባላል። አባታችን በተራው ቀን ቦዩን ሊከፍት ወረደ፤ ጎርፉ ይዞት ሄደ።

ይርጋ አሥረኛ ክፍል ሲደርስ አንዲት አጭር ልብ ወለድ ጻፈ። እኛ ዘንድ ሰው ሰውን ሲገድል አበጋር የሚባሉ ሽማግሌዎች ገብተው ደም ያደርቃሉ። ገዳይ ይጠራል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ በመጨረሻ የሟች ወገን በአፉ ቃሉን ይሰጣል። ይርጋ ለሽምግልና ያስጠራው ጎርፉን ነበር። አበጋሮቹ ወደ ተራራው መልእክተኛ ይልካሉ፤ ጎርፉም እርጥብ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ሆኖ ይወርድና ከዋርካው ሥር ይቀመጣል። የተቀመጠበት አፈር ጭቃ ይሆናል። ታሪኩ ያቺ ላይ ያበቃል፤ ሳይፈረድበት።

ታሪኩን በትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ራሱ አነበበው። ቀኑ ገበያ ነበር፤ ማጉያው ደግሞ ፊቱን ወደ ገበያው አዙሮ የተሰቀለ ነው። ቀበሌውም ማስታወቂያውን የሚያስነግረው በዚያው ነበር። ታሪኩ የሚጀምረው «ጎርፍ በሚቀጥለው ገበያ ከዋርካው ሥር ለሽምግልና ይቀርባል፤ የተበደለ ሁሉ ይምጣ» ብሎ ነው። ገበያተኛው ይህቺን ሰምቶ የቀረውን ሳይሰማ ወደ ሸመታው ተመለሰ።

በሚቀጥለው ገበያ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ሰው ተሰብስቦ ተገኘ። ከፊት ጋሽ አሊ ነበሩ።

«የታለ?» አሉት ይርጋን።

«ማን?»

«ተከሳሹ ነዋ።»

«ጋሽ አሊ፣ ፈጠራ እኮ ነው። ጎርፍ እንዴት ይመጣል?»

«እሱ ባይመጣ ወኪሉ አይጠፋም ብዬ ነው። ዘንድሮ ወኪል የሌለው ማን አለ?» ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። «ጉራቻን የሚያህል በሬ ወስዶብኛል። ወላሂ፣ ሳልናገር አልመለስም።»

ይርጋ ሊስቅ ብሎ ተወው። አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ሰማቸው። ከእሳቸው በኋላ የማሳዋን ድንበር ጎርፍ ያጠፋባት ሴት ተናገረች። ሌላዋ የቤቷን በር ከነጓጉንቸሩ የወሰደባት ናት፤ ቁልፉን አሁንም አንገቷ ላይ አስራዋለች። ቀኑ መሸ፤ ሰልፉ አላለቀም።

አጭሯ ታሪክ ረጅም ልብ ወለድ መሆን የጀመረችው ያን ቀን ነው። እያንዳንዱ ክስ አንድ ምዕራፍ ሆነ። ጎርፉም መልስ አለው። ለጋሽ አሊ፣ «በሬህን የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ማሽላህን ያበቀለውን አፈርስ ማን አመጣልህ?» ይላቸዋል። ይርጋ ማስታወቂያ ሊለፍፍ በወጣበት ሁሉ ሰው ባጃጁን እያስቆመ «የእኔን ጉዳይ አስገባህልኝ?» ይለው ነበር። ጋሽ አሊ አንድ ምዕራፍ አስነብበው፣ «በሬዬን አክስተኸዋል፤ ጉራቻ እንዲህ አልነበረም፤ አወፍረው» አሉት። አወፈረው።

ሰው ሁሉ ሲከስ እናታችን ብቻ ከዋርካው ሥር አልተቀመጠችም። የእሷ ቃል ከሌለ ደግሞ ሽምግልናው አይዘጋም፤ ሌሎቹ የከሰሱት በንብረት ነው፣ በሰው ደም መናገር የምትችለው እሷ ነበረች። ይርጋ በየክረምቱ ይጠይቃታል።

«እማዬ፣ ጎርፉ ቢቀርብልሽ ምን ትይዋለሽ?»

«ምንም።»

«አባዬን ወስዶብሽ?»

«በየትኛው አፌ ልክሰሰው፣ ልጄ? ዘንድሮም ና ብዬ የምጠራው በዚሁ አፌ ነው።»

ይህን ከሰማ በኋላ ጭራሽ ዕረፍት አጣ። አንድ ቀን ሮቢት መጣና የመጨረሻውን ምዕራፍ ቆሞ አነበበልኝ። እናታችን ጎርፉን ይቅር ትለዋለች፤ ሕዝቡ ያለቅሳል።

«ጥሩ ነው» አልኩት።

«አይደለም። እማዬ እንዲህ አትልም።» ቀደደው። ውኃ እንኳ ሳይቀምስ በመጣበት ሚኒባስ ተመለሰ።

ይርጋን በሐምሌ ቀበርነው። በሰልስቱ ድንኳን ውስጥ መቀመጥ አቅቶኝ ዕቃ ሳነሳ ሳስቀምጥ ዋልኩ። ጋሽ አሊ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«የሻረግ፣ አይባልም እንጂ፣ የበሬዬ ነገር ምን ላይ ደርሶ ነበር?»

«አልቋል፣ ጋሽ አሊ። ካሣ ተቀብለዋል።»

«ምን ሰጠኝ?»

«ጥጃ።»

«ወንድ?»

«ወንድ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

እናቴ ሰምታን ኖሯል። «የእኔስ?» አለች።

«ያንቺ ቃል ብቻ ነው የቀረው።»

«ወረቀት አምጪ» አለችኝ።

አመጣሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ በዚያ ቀን የተቀመጥኩት ያኔ ነው።

«ጎርፉን እንዲህ በዪው» ብላ ጀመረች። እሱን እስክጽፍ ጠበቀችኝ። በምዕራብ በኩል ሰማዩ ሲያጉረመርም ውሎ ነበር፤ ወዲያው የውሃ አባቱ የላከው ጎረቤት ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ፣ ለቅሶ ቤት መሆኑን አይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ ብዙነሽ፣ ወርዷል። ተራው የእናንተ ነው» አለ።

እናቴ ተነሳች።

«እማዬ፣ ቃሉን ጨርሺልኝ።»

«ውኃው አይጠብቅም። አካፋውን ያዢ።»

አካፋውን ይዤ ተከተልኳት። ቦዩን ጋሽ አሊና እኔ ከፈትነው። እሷ የቦዩ አፍ ላይ በሐዘን ልብሷ ቆማ «ና፣ በዚህ ና» ትለው ነበር፤ እሱም ገባ። ማሳው እስኪሞላ ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም።

ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ነው። ያን ቃል እሷ አላነሳችውም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ወረቀቱ ላይ ያለው «ጎርፉን እንዲህ በዪው» የሚለው ብቻ ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ አልተጻፈም።