የእንግዳ ጃኬት የተከመረበት አልጋ

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን «ፖሊስነትሽ» ይለዋል። በስደት በምንኖርባት ኒው ሆፕ ከተማ ባለው አፓርታማችን ኮሪደር ላይ የማላውቀው ሰው ሲያልፍ በበሩ ቀዳዳ ሳላየው አላሳልፈውም። ዕቃ የሚያመጡ ሰዎች እንኳ ዕቃውን አስቀምጠው ከሕንፃው እስኪወጡ በሬን አልከፍትም። ይህ ከድሮም አብሮኝ ያለ ነው፤ በከተማችን አንድ ትምህርት ቤት ልጆች ላይ ከተተኮሰ ወዲህ ግን ጨርሶ ባሰብኝ።

ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ ዓይኔ አያርፍም ነበር። በሩ ላይ አዲስ ካሜራ ተተከለ፤ እኔ ደግሞ ካሜራውን የሚያየው ማን ነው እላለሁ። ቢሮ ውስጥ ያለችው ሴትዮ በመስታወቱ አሻግራ ታየኝና ፈገግ ብላ ትከፍትልኛለች። ሌላ ሰው ደስ ይለው ይሆናል። እኔ ግን ለእኔ እንዲህ በቀላሉ የከፈተች ለማን አትከፍትም እያልኩ ስብከነከን እውላለሁ። አንድ ቀን ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኳት። ፈገግታዋ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ መታወቂያዬን ሳታይ አታስገባኝም። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

የልጄ አስተማሪ ደግሞ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ ምክር ሰጠችን። ልጃችሁን ሰው ቤት ለጨዋታ ከመላካችሁ በፊት እዚያ ቤት መሣሪያ አለ ወይ፣ ካለስ ተቆልፎበታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ አለች። ፈረንጆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የእኛ ሰዎች እርስ በርስ ተያየን። ለእኛ ይህ ሙስሊም ቤት ገብቶ ሥጋው ሐላል ነው ወይ እንደማለት ነው፤ ሰው ይቀየማል። እኔ ግን ሁሉንም ጠየቅኩ። እዚሁ አጠገባችን ሮዝቪል የምትኖር የወሎ ልጅ፣ አብሮ አደጌ ነች፣ ስጠይቃት «ወላሂ አሁንስ አበዛሽው» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ለብዙ ጊዜም አላነሣችልኝም። ባለቤቴ ግን ደግፎኝ ነበር። መሣሪያ ያለበት ቤት ልጄ እግሯ አይረግጥም ያለው እሱ ነው።

በረዶው ጠንከር ባለ ጊዜ ትምህርት ቤቱ አዲስ ነገር አመጣ። በሩ ላይ የታጠቀ ጠባቂ ይቁም ወይስ አይቁም በሚለው ላይ ወላጆች መጥተው እንዲናገሩ ተጠራን። እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ የእኛ ሰው ኋላ ወንበር ላይ ዝም ብሎ ይቀመጥና ፓርኪንግ ሲደርስ ነው አፉ የሚፈታው። አሁንስ እንደዚያ አይሆንም፣ አንድ ሰው መርጠን እናናግር ተባለ። ለመመካከርም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ለመገናኘት ተቀጣጠርን።

በዚህ አገር ብርድ ሐበሻ ቤት ሰው ከተሰበሰበ የእንግዳው ጃኬት ሁሉ መኝታ ቤት አልጋ ላይ ይከመራል። ልጆቹም የሚጫወቱት እዚያው ነው። ትልቁ ሰው ሳሎን ሲያወራ እነሱ በር ዘግተው ክምሩ ውስጥ ይንከባለላሉ፤ ገብቶ የሚያያቸው የለም። እኛ ቤት ጃኬት መቀበል የሰባት ዓመቷ ልጄ ሥራ ነው። ትወደዋለች። እንግዳው አላወልቅም ካለ ልትሄድ ነው እንዴ ተብሎ ይለመናል፤ እምቢ ካለም ከትከሻው ላይ ይገፈፋል።

የዚያን ዕለት አንድ ሰው አላወልቅም አለ። ከታች ፎቅ የሚኖር፣ ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ፣ ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ጎረቤታችን ነው። ልጁና ልጄ አንድ ክፍል ናቸው። እኔ ከዚያ በፊት ከእሱ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግሬ አላውቅም። ልጄ እጇን ዘርግታ ብትቆም «ይቅር የኔ እናት፣ ይበርደኛል» አላት። ሂተሩ ተለቆ እኛ በላብ ተዘፍቀናል። እሱ ጥግ ይዞ ተቀመጠና ዚፑን እስከ አንገቱ ዘጋ።

ከዚያ በኋላ ሰው የሚለው አልተሰማኝም። የቀኝ ኪሱ አበጥ ብሏል። ምግብ ሳቀርብ በአንድ በኩል ዞሬ አየሁት፣ ሻይ ስቀዳ በሌላ በኩል። እጁን ወደ ኪሱ በላከ ቁጥር የያዝኩትን አስቀምጣለሁ። ቤቴ ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት፣ መሣሪያ ይዞ ገብቷል ብዬ ፈረድኩበት።

ባለቤቴ ዘግይቶ መጣ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ በመኪናው ሰው ሲያመላልስ ነው የሚውለው። እንግዶቹ ብድግ አሉለት። ልጄ እጇን ዘረጋች፤ እሱ ጃኬቱን ይዞ አመነታና ራሴ አስቀምጠዋለሁ አለ። በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት፣ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት እናት «ልጅህ ታክብርህ እንጂ» ብለው ከትከሻው ገፈፉና ሰጧት። ሁሉም ሳቀ። ማመንታቱን አይቼዋለሁ። ዓይኔ ግን ወዲያው ወደ ጥጉ ሰውዬ ተመለሰ።

ክርክሩ ጠንከር አለ። እኚሁ እናት ጠባቂ ይቁም ባይ ናቸው። ባንክ ዘበኛ አለው፣ ለገንዘብ የቆመ ለልጅ ምን ይከለክለዋል አሉ። አንዳንዱ ወደ እሳቸው አዘነበለ። ያን ጊዜ ጥጉ ላይ ያለው ሰውዬ አፉን ከፈተ። ጠባቂው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚያየው የማንን ልጅ ነው ብሎ ጠየቀ፤ የእሱ ልጅ ገና በዚህ ዕድሜው ቁመቱ ያስደነግጣል። ባለቤቴ ንግግሩን ተቀበለውና፣ እኔም ትምህርት ቤት ውስጥ መሣሪያ የሚባል ነገር በዘበኛም እጅ ቢሆን አልፈልግም አለ። ደህና አድርጎ ተናገረ። ንግግር ያውቅበታል።

እናትየው በመሀል ወደ ጎረቤታችን ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ፊትህ እኮ በላብ ታጠበ። ምንድን ነው የደበቅኸን?» አሉት። እኔ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ወደ ጥጉ ጠጋ አልኩ። ሰውየው አንገቱን ደፋና ዚፑን ወደ ታች ሳበው። ከሥር የኩሽና የሥራ ልብስ ለብሷል፤ ደረቱ ላይ የዘይትና የሾርባ ነጠብጣብ አለ። ዉድበሪ በሚባል ሰፈር አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ምግብ ያበስላል፤ ሳይለውጥ በቀጥታ ከሥራ ነው የመጣው። ሽታው ሰው ይረብሻል ብዬ ነው አለ። ኪሱን ያሳበጠው ጓንቱና ኮፍያው ነበር። አፈርኩ አልልም፤ እፎይ ነው ያልኩት። ጃኬቱን ከእጁ ተቀብዬ ራሴ ወደ መኝታ ቤት ወሰድኩት።

በሩን ስከፍት ልጆቹ ወለሉ ላይ ናቸው። አልጋው ላይ፣ ከጃኬቶቹ ክምር መሀል፣ ልጄ ብቻዋን እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። እዚያ ላይ መዝለል የሚወደው የጎረቤቴ ልጅ አኩርፎ፣ አልጋው ላይ አታስወጣንም ብሎ በእንግሊዝኛ ከሰሳት። ተነሺ፣ ይህን ላስቀምጥ አልኳት። «ኖ» አለች። እንዲህ መልሳልኝ አታውቅም። ተጣልተው ነው ብዬ ክንዷን ያዝኩ፤ እሷ ግን ሰውነቷን ይበልጥ ወደ ታች ጫነች። ከዚያ አንገቴን ስባ በጆሮዬ አንሾካሾከች።

«እማ፣ መነሣት አልችልም። የአባ ሽጉጥ ከሥሬ ነው።»

ልጄ በአማርኛ ስጠይቃት እንኳ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። ይህን ቃል በአማርኛ ማን አስተማራት? ሳሎን ኬክ አለ አልኳቸውና ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ። እጄን ከሥሯ ሰደድኩ። የባለቤቴ ጃኬት ነው፤ በጨርቁ ላይ ጠንካራ ነገር ዳሰስኩ። እጄን እሳት እንደነካው ሰው መለስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

በቀስታ ጠየቅኳት። አንድ ቀን መኪና ውስጥ አይታዋለች። አባቷ ይህ እናንተን ለመጠበቅ ነው፣ አትንኪው፣ ለእማ አትንገሪ፣ ትጨነቃለች ብሏታል። ዛሬ ጃኬቱን ስትቀበለው ከብዷታል፤ ያኔ ገባት። ሌሎቹ ልጆች እንዳይነኩት አልጋው ላይ አስቀመጠችና ላዩ ላይ ተቀመጠች። ልጆቹ ተራ በተራ ሳሎን እየወጡ ሲበሉ እሷ አልመጣችም ነበር፤ እኔ ጨዋታ ይዟት ነው ብዬ አልጠራኋትም። ስንት ቤት ደውዬ የጠየቅኩ ሴት፣ አብሮኝ የሚተኛውን ሰው ጠይቄው አላውቅም።

ሳሎን በር ላይ ቆሜ አንዴ ና እስቲ አልኩት። እሱ ስለ እኛ እንዲናገር መርጠውት እየመረቁት ነበር። እየሳቀ ገባ። ልጃችንን አልጋው ላይ፣ እኔን አጠገቧ ሲያይ ሳቁ ጠፋ፤ በሩን ከኋላው ዘጋ።

«ጥይት የለውም» አለ፣ ገና ምንም ሳልለው። «የመታጠቅ ፐርሚት አለኝ። ማታ ማታ ፒክ የማደርገውን ሰው አንቺ አታውቂም።»

«ጥይት እንደሌለው በምን አውቃለሁ?»

«እኔ እየነገርኩሽ።»

«አላምንህም» አልኩት። የዓለምን ሰው ሁሉ ስጠረጥር ለእሱ ግን ይህን ቃል ተናግሬ አላውቅም። ሲሰማው ፊቱ ተለዋወጠ። እኔም ቃሉን መልሼ ልውጠው አልፈለግኩም፤ ገና ብዙ ነበረኝ። እዚያው ልጄ ፊት ልጮህበት ነበር።

እሱ ወደ አልጋው ጠጋ ብሎ እጁን ለጃኬቱ ዘረጋ። ልጄ አልተነቃነቀችም። ትምህርት ቤት ለተኩስ ጊዜ እንዳሠለጠኗት ነው መሰለኝ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ አሁንም በአማርኛ፣ መጠየቅ ጀመረች።

«አባ፣ ኪድሶቹ ሁሉ ወጥተዋል?»

ወጥተዋል አላት።

«በሩስ ተቆልፏል?»

ተመልሶ ቆለፈው። ቁልፉ አልያዝ ብሎት ደጋገመው። እግሯ ደንዝዟት ኖሮ ጉልበቷን በእጇ እያሻሸች እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ኦኬ» አለች። «አሁን ልነሣ?»