ጋሽ ሜትር ያቆመው መለኪያ

የከተማው ሰው እውነተኛ ስሙን ከረሳው ቆይቷል፤ ጋሽ ሜትር ነው የሚለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ድልድዩ ሥር እየወረደ፣ ቁጥር የተጻፈበትን የብረት መለኪያ አይቶ የወንዙን ከፍታ ሲመዘግብ ኖሯል። ክረምት ሲገባ የማይጠይቀው የለም። ገበያ ወጥቶ ቲማቲም ሲመርጥ እንኳ "ጋሽ ሜትር፣ ዛሬስ እንዴት ዋለ?" ይሉታል። ስለ ወንዙ እንጂ ስለ እሱ ጤና እንዳልጠየቁት ያውቃል፤ ይስቃል።

ወንዙን ያወቀው ግን ከሥራው በፊት ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ጎርፍ እናታቸውን ሲወስድ፣ የዐሥራ አራት ዓመት እህቱ እሱን አዝላ ጣሪያ ላይ ወጣች። ያሳደገችውም እሷ ናት፤ እትዬ ይላታል። ያኔ ሹማምንት መጡ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ውሃውን አዩ፣ ሄዱ። ጎርፉ ሲደግም በወንዙ ዳር የአፈር ግድብ ተሠራ። ሲሠልስ ለላይኛው ሰፈር የኮንክሪት ግንብ ደረሰው፤ ለታችኛው፣ ለእትዬ ሰፈር፣ "በሚቀጥለው ዓመት" ተባለ። በሚቀጥለውም ዓመት እንደዚያው ተባለ። ስለዚህ ውሃው አራት ሜትር ላይ ያለውን ቀይ መስመር ሲነካ ጋሽ ሜትር ሳይረን ያስጮኻል፣ የታችኛው ሰፈር ጓዙን ይዞ ይወጣል። የአፈሩ ግድብ ከዚያ በላይ አይችልም።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ በበጋ፣ አሸዋ የሚጭን መኪና መለኪያውን ገጭቶ ጣለው። ለመሥሪያ ቤቱ ጻፈ፤ ማን ሰምቶት። ክረምቱ ሲቃረብ ሆዱ አልችል አለና ራሱ አቆመው። ጭቃው እንዳያሰምጠው ብሎ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፈ፣ በሲሚንቶ አሰረው፣ ቁጥሮቹን በቀለም አደሰ። ኮራበትም። ድንጋዩ አንድ ስንዝር ይወፍር ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት እትዬ ደወለች። ጉልበቷ አልታዘዝ ስላላት፣ ለመውጣት ከሌላው ሰው ቀድማ መነሳት ነበረባት።

"ወንድሜ፣ ልውጣ ወይስ ልቀመጥ?"

ወርዶ አየ። ሦስት ሜትር ከሰማንያ አምስት ይላል።

"ገና ነው እትዬ። በዚህ ዝናብ አትንገላቺ፣ አርፈሽ ተቀመጪ።"

ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ውሃው የመለኪያውን ቀይ መስመር ሳይነካ፣ የአፈሩ ግድብ ተደረመሰ። ሳይረኑ የጮኸው ውሃው ሰፈሩ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። እግር ያለው ሮጦ ተረፈ። እትዬን በማግስቱ አገኟት።

ወር ሳይሞላ አንዲት ወጣት መሐንዲስ መጥታ መለኪያውን ለካች፤ አላምን ብላ ደጋግማ ለካች።

"ይሄ እኮ ሃያ ሳንቲሜትር ከፍ ብሏል፤ ውሃውን አሳንሶ ነው የሚያሳየው። ማነው ያቆመው?"

"እኔ ነኝ።"

አየችው፤ አሳዘናት መሰለኝ ደብተሯን ዘጋች። "ከባድ ዝናብ ነው ብዬ እጽፋለሁ፤ አባቴ፣ እርስዎ ይሂዱና ይረፉ" አለችው። ማረፍ! እንዲህ ተብሎ ማን ያርፋል?

በቀጥታ ወደ እትዬ ልጅ ቤት ሄደ። አስተማሪ ናት፤ እናቷን ከቀበረች ወዲህ እሱን የምታጽናናው እሷ ነበረች። የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች አገኛት።

"አጎቴ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ? ራስህን አትጉዳ እንጂ። ያን ቀን እኔም ደውዬ መኪና ልላክልሽ ብላት ሳቀችብኝ። 'ወንድሜ አይቶልኛል' አለች። ጓዟን ጠቅልላ ጨርሳ ነበር፤ አንተ ስትነግራት መልሳ ፈታችው። ሳትፈራ ነው የሄደችው፤ እኔን የሚያጽናናኝ ይሄ ነው።"

ዝም ብሎ መመለስ ይችል ነበር። ሪፖርቱ ዝናብ ሊል ነው፤ መሐንዲሷም ሄዳለች። አልሆነለትም። መኪናውን፣ ድንጋዩን፣ ሲሚንቶውን፣ ሃያ ሳንቲሜትሩን፣ አንዱንም ሳያስቀር ነገራት። ታለቅሳለች ብሎ ቢጠብቅ አላለቀሰችም። የያዘችውን እስክሪብቶ ክዳኑን ገጥማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"እሷስ ሳታውቅ ነው የሞተችው" አለችው ቀስ ብላ። "እኔ ምን በድዬህ ነው የነገርከኝ?"