ላፕቶፔን ሽማግሌ ፊት ያቀረብኩ ጊዜ

ቡታጅራ ፍርድ ቤት አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍሌ የሰው አቤቱታ እጽፋለሁ። መተዳደሪያዬ አንድ ላፕቶፕ ነው። እሱ የሞተ ዕለት ፊቴ የተቀመጡት ከእንሴኖ የመጡ እናት ነበሩ። የእርሻ ወሰን አቤቱታቸውን አጋምሼ "ስለሆነም" የሚለውን ስጽፍ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። መብራት አልሄደም፤ ቻርጀሩም ተሰክቷል። ብነቅል ብሰካው አንዲት የብርሃን ነጥብ እንኳ አላሳየኝም። ሴትዮዋን ወደ ሌላ ጸሐፊ ሸኘኋቸው። ደንበኛን በገዛ እጅ ለጎረቤት መሸኘት ያማል።

ላፕቶፑን ይዤ ወደ ሸጠልኝ ነጋዴ ሄድኩ። ሳይከፍተው የገዛሁበትን ቀን ጠየቀኝና "እህቴ፣ ዋራንቲው እኮ ባለፈው ሳምንት አልቋል" አለኝ። ደሜ ፈላ። ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ የከረመ ዕቃ ዋስትናው ባለፈ በሳምንቱ እንዴት ይሞታል? ቀን መቁጠር ማን አስተማረው?

"እሱን እንግዲህ አምራቹን ጠይቂ" አለኝ።

"አምራቹን አላውቀውም፤ የማውቀው አንተን ነው" አልኩት። ሳቀ። ከሁሉ ያበሳጨኝ ሳቁ ነው።

ባሌ "ተይው፣ ይቅርብሽ" አለኝ። ጎረቤቶቼ ደግሞ "እሱ የአገሩ ልጅ፣ አንቺ ከጎጃም የመጣሽ፤ ማን ሊያደላልሽ?" አሉኝ። ይሄኛው ባሰብኝ። የአገር ሰው ለመባል ስንት ዓመት መኖር አለብኝ? ልክሰሰው እንዳልል፣ ክስ የምጽፍ ሰው ነኝና ቀጠሮ እንዴት እንደሚጎተት አውቃለሁ። ሽማግሌ ይዳኘን አልኩ። "ለላፕቶፕ ሽማግሌ?" ብለው የሳቁብኝ ብዙ ናቸው። ለላም ሲሆን ያልተሳቀ ለላፕቶፕ ለምን ይሳቃል? የእኔ ላም እሱ ነው።

ነጋዴው የሚያከብራቸውን ሁለት ሰዎች መርጬ ለመንኩ፤ አንደኛው ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ፣ ሌላው ጡረታ የወጡ መምህር። እምቢ ሊላቸው አልቻለም። እዚያው ሱቁ ውስጥ ተቀመጥን። እሱ ስለ ዋራንቲው ተናገረ፤ እኔም የእኔን ተናገርኩ። ሐጂው ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ አልጣልሽውም? ውሃ አልነካውም?"

"አልጣልኩትም። ውሃም አልነካውም።"

"ትምያለሽ?"

ከወንበሬ ተነሥቼ ማልኩ። ቀጥለው ወደ እሱ ዞሩ።

"አንተስ? ስትሸጥላት አዲስ ነበር?"

"ሐጂ፣ እኔ ጋ በካርቶኑ ነው የመጣው።"

"ስለ ካርቶኑ አልጠየቅኩህም። አዲስ ነበር ብለህ ትምላለህ?"

እሱ ከወንበሩ አልተነሣም። እዚህ ነጋዴ በዋጋ ሲከራከር እንደ ልቡ ሊምል ይችላል፤ ሽማግሌ ፊት በሐሰት የሚምል ግን ብዙ አይገኝም፤ መዘዙ ለልጅ ይተርፋል ይባላል። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያገለገለ አድሰው የላኩልኝ ይሆናል" አለ።

መምህሩ እንደ ሽማግሌ ወግ ነገሩን ለሁለት ሊከፍሉት ሞከሩ። "እንግዲህ ለማሠሪያው አንተም ግማሽ፣ እሷም ግማሽ" አሉ። ይሄኔ እንግዳ መሆኔንም፣ ሽማግሌ ፊት ድምፅ ከፍ እንደማይደረግም ረሳሁት።

"አባቴ፣ አዲስ ነው ተብዬ የከፈልኩት ሙሉውን ነው። በግማሽ አልታረቅም" አልኩ።

መምህሩ ቅር አላቸው። ሐጂው ግን "እውነቷን ነው" አሉ፣ ወደ ነጋዴው እያዩ።

ነጋዴው ተነሥቶ ከመደርደሪያው ሌላ ላፕቶፕ አወረደ። ቻርጀሩን ሰክቶ አበራው። "በይ እህቴ፣ ታረቅን?" ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ሽማግሌዎቹም ሊመርቁን ተነሡ።

እጄን አልሰጠሁትም። "ገመዱን ንቀለው፤ ባትሪውን ልየው" አልኩት።

ነቀለው። አራታችንም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠን ቆየን። አልጠፋም። ያኔ ጨበጥኩት።