በአሥራ ሰባት ቁጥር ላይ የለጠፍኩት ፕላስተር

ባለፈው ሳምንት ዓይደር ሆስፒታል ደም ልመረመር ሄጄ፣ ነርሷ ክንዴን በአልኮል በራሰ ጥጥ ስትጠርገው፣ መርፌው ገና ሳይነካኝ ሽታው ወጋኝ። ደሙን ወስዳ ስታበቃ ፕላስተር ለጠፈችበትና «ኣቦይ፣ ቶሎ እንዳያነሱት» አለችኝ። ልጅቱ ምን ታውቃለች፤ እኔ ፕላስተር ለጥፌ ከአርባ ዓመት በላይ ያላነሳሁ ሰው ነኝ።

ሥራዬ ድንጋይ ጠራቢነት ነበር። ትምህርቴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ አማርኛውንም ያስተማረኝ ትምህርት ቤት ሳይሆን ሰይድ ነው። ሰይድ በወጣትነቱ ከወሎ ወደ መቐለ መጥቶ ገበያው ጥግ ሙዚቃ ቤት ከፈተ፤ እኔ ደግሞ ከጀርባው ያለችውን ክፍል ተከራይቼ እኖር ስለነበር፣ በመካከላችን የነበረው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። አሜሪካኖቹ ከአስመራ ለቀው ሲሄዱ የተበተኑት የዘፈን ሸክላዎች በጭነት መኪና፣ በሽንኩርት ጆንያ መሃል ተሸጉጠው ይመጡለት ነበር። ሌላው ነጋዴ አዲስ የወጣ ዘፈን ሲያሳድድ፣ ሰይድ እነዚያን የተጫጫሩ የድሮ የአሜሪካ ዘፈኖች እንደ ታመመ ልጅ ያስታምማል። በለስላሳ ሳሙና ያጥባቸዋል፣ በነጠላ ጫፍ ያደርቃቸዋል፣ መርፌዋ እንዳትዘል አሥር ሳንቲም ይጭንባታል፤ ከዚያ እሑድ ጠዋት ገበያው ጭር ሲል ግድግዳውን ይደበድብና «ገብሩ፣ መዶሻህን አስቀምጥ፤ ልቀዳ ነው» ይለኛል። እኔም ግትር ብሆን፣ እየተነጫነጭኩም ቢሆን፣ አስቀምጥ ነበር።

ሰላቱን የማያጓድለው ሰይድ ከመደርደሪያው ሥር የአረቄ ጠርሙስ ያስቀምጣል። በጥጥ እየነከረ የቴፑን ጭንቅላት የሚጠርግበት ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን «ሼኹ በጥጥ ነው የሚጠጣው» እያለ ይስቅበት ነበር። አንድ ሰሞን ግማሹን እኔ ጠጥቼ ውሃ ሞላሁበት፤ ቴፑ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያንኮራፋ ሰነበተ። ሲያውቅብኝ ሆዱን ይዞ ስቆ ማረኝ። ሰይድ የሚምር ሰው እንደሆነ አውቅ ነበር ለማለት ነው ይህን ያነሳሁት፤ ታዲያ ኋላ ዝም ማለቴን በምን ላመካኘው?

ከሸክላ የሚቀዳቸውን የመጀመሪያ ካሴቶች «እናቶች» ይላቸዋል። እንግሊዝኛ ስለማያውቅ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ካሴት በጀርባው ሁለት ትናንሽ ጥርሶች አሉት፤ እነሱ ከተሰበሩ ቴፑ በላዩ ላይ ሌላ ነገር አይቀዳበትም። ሰይድ እናት በቀዳ ቁጥር ጥርሷን በቢላ ጫፍ ይሰብርና «ከእናት ይቀዳል እንጂ በእናት ላይ አይቀዳም» ይላል።

ዘፈኖቹ ምን እንደሚሉ የሚነግረን ከሸዋ የመጣ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። ከትምህርት ቤት ሲወጣ የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ ይቀመጥና አሥራ ሰባት ቁጥርን አጫውትልኝ ይላል። የሴት ድምፅ ናት፤ ዝግ ያለች፣ ከኋላዋ አንድ ጥሩምባ እንደ ደከመው ሰው የሚተነፍስ። ሴትየዋ ለሄደው ሰው በሩን ክፍት ትታ እንደምታድር የነገረን እሱ ነው። ገበያተኛው ግን አይፈልጋትም፤ መምህሩም ቤቱ ቴፕ ስለሌለው አላስቀዳትም፤ ሸክላዋም ከተቀዳች በኋላ ለሁለት ተሰንጥቃለች። ለብዙ ዓመት ለራሴ «ሸክላዋ መሰንጠቋን አላውቅም ነበር» ስል ኖሬአለሁ። አውቅ ነበር።

እኔ ላገባ በነበረበት ሳምንት ሰይድ እናቱ ሞተችበትና ወደ ደሴ ሄደ። በሐዘን ላይ ሆኖ እንኳ የሱቁን ቁልፍ ሰጥቶኝ፣ በትልቁ ቴፕ ሠርግህን ቅዳበት፣ ባዶ ካሴት ከላይኛው መደርደሪያ አለልህ ብሎኝ ነው የሄደው። ባዶዎቹን የሚስቴ የለታይ ዘመዶች ይህን ቅዳልን፣ ያንን ቅዳልን እያሉ ጨረሱብኝ። የሠርጉ ጠዋት ከበሮው ሲመታ በእጄ አንድም የለም። ማንም የማይጠይቃት የትኛዋ ናት ብዬ አሰብኩና አሥራ ሰባትን አወረድኩ። ድንጋይ ሲቆርጠኝ ጣቴ ላይ ከምለጥፈው ፕላስተር ቆርጬ የጥርሶቿን ቀዳዳ ሸፈንኩ። ቴፑ ተታለለ። በሁለቱም ፊት የሠርጌን ጓይላ፣ ከበሮና ጭፈራውን፣ ቀዳሁባት።

ሰይድ ሲመለስ ሦስት ቀን ፈለጋት። በአራተኛው ቀን መምህሩ መጥቶ ሣጥኑ ላይ ሲቀመጥ፣ በደንበኞች ፊት፣ ድምፁን ሳያነሳ «መምህር፣ ቢጠይቁኝ እሰጥዎት ነበር» አለው። መምህሩ «አልነካሁም» አለ፤ አንዴ ብቻ። ከዚያ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ፣ ዳግም አልመጣም፤ በዓመቱም ወደ አገሩ ተዛወረ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ካሴቷ ከግድግዳው ማዶ፣ ከአልጋዬ ሥር ነበረች። ከዚያ ወዲያ ዘፈኖቹ ምን እንደሚሉ የነገረን የለም።

ዛሬ ሰይድ ሓድነት ሰፈር ከልጁ ከዘይነባ ጋር ይኖራል። ዓይኑ ጠፍቷል። ዘይነባ እናቶቹን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒዩተር እያስገባች ነው፤ አባቷ አጠገቧ ተቀምጦ በጆሮው ያርማታል፣ ይህች ትፈጥናለች፣ ያች ትንሿሿለች እያለ። አንድ ቁጥር ብቻ ጎደላት። ሦስት ጊዜ መጥታ «ኣቦይ ገብሩ፣ አባዬ ካሴቷን ወሰደ የሚለው መምህር እዚህ ዘመድ ነበረው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሦስቱንም ጊዜ አላውቅም አልኳት።

ከዓይደር እንደተመለስኩ፣ ክንዴ ላይ ፕላስተሩ እንዳለ፣ ሣጥኔን ከፈትኩ። ለታይ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ካሴቷን ከነጠላዋ ሥር ያስቀመጠቻት እሷ ናት፣ የሠርጋችን ነው ብላ። በማግስቱ በሚኒባስ ሓድነት ሄጄ ምንም ሳልናገር ለዘይነባ ሰጠኋት።

ዘይነባ አባቷ አጠገብ አጫወተቻት፤ ከበሮው ወጣ። የእኔ የጎረምሳ ድምፅ ወጣ። የለታይ እልልታ ወጣ፤ አንገቴን ደፋሁ። ሁለተኛው ፊት ሊያልቅ ሲል ጓይላው ተቆረጠና፣ ያኔ ቴፑን ቀድሜ ያጠፋሁት መሆን አለበት፣ ጥሩምባው ተነፈሰ፣ ሴትየዋም ብቅ አለች። ግማሽ ደቂቃ ያህል። ከዚያ ካሴቷ አለቀች።

ሰይድ በወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ነበር። «ማን ነው በእናት ላይ የቀዳው?» አለ።

«እኔ ነኝ። ሠርጌ ነው። መምህሩ አልነካትም።»

እንደ አረቄው ጊዜ ይስቃል ብዬ ጠብቄ እንደነበር የገባኝ ሳይስቅ ሲቀር ነው።

«ሰውየውን በሰው ፊት ሌባ አልኩት» አለ። «አንተ ቆመህ ነበር።»

«ቆሜ ነበር።»

ዘይነባ ዘፈኗን ብቻ ቆርጬ ላስቀር ወይ ብላ ጠየቀችው። «ጓይላውንም ተይው» አላት፤ «የለታይ ድምፅ አለበት። እሱም እናት ሆኗል።» ከዚያ እጁን ዘርግቶ ካሴቷን ተቀበለና ጀርባዋን በጣቱ ዳሰሰ። ፕላስተሩን አገኘው። በጥፍሩ፣ ቀስ ብሎ፣ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን ላጣቸው። ቀዳዳዎቹ ክፍት መሆናቸውን ዳግም ዳሰሰ። ሁለቱን ቁራጭ ወደ ድምፄ አቅጣጫ ዘረጋልኝና «ይሄ ያንተ ነው» አለኝ።

ተቀበልኩት። ሙጫው ደርቆ እንደ ዓሣ ቅርፊት ሆኗል። ሻይ ጠጣ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ዘይነባ እስከ በሩ ሸኝታኝ የመምህሩን ስም ጠየቀችኝ፣ ከአሥራ ሰባት ቁጥር ጎን ልትጽፈው። መምህር እንጂ ሌላ ብለነው አናውቅም። ተመልሳ አባቷን ጠየቀችው፤ እሱም አያውቀውም።

የአንድ ሰዓት ካሴት ነበረች፤ የተረፈችው ግማሽ ደቂቃ ናት። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ሴትየዋ ምን እንደምትል ማናችንም አናውቅም። የክንዴን ፕላስተር በማግስቱ አንስቼ ጣልኩት። እነዚህን ሁለቱን ግን ከኪሴ አውጥቼ የት እንደምጥላቸው አጣሁ።