አፍ ሙሉ ውኃ

ዝናሽ መተው የፈለገችው ብቻዋን ማውራትን ነበር። ቤሩት ዳርቻ ጃል ኤል ዲብ በሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ በቤቱ አማርኛ የሚያውቅ የለም። ስትተኩስና ሳህን ስታጥብ አፏ ሳታዘው ይከፈትና አዲስ አበባ ካለችው ታናሽ እህቷ ከሰገነት ጋር ወግ ይጀምራል። የሁለቱንም ድርሻ የምትናገረው እሷው ናት።

«አንቺ፣ ያንን ቀይ ሹራቤን ነው የለበስሽው?»

«ታዲያ ብል ይብላው? ኧረ የቤሩቷ እመቤት፣ ሹራብ አነሰሽ!»

«ቆይ፣ ስመጣ አስወልቅሻለሁ!»

ከዚያ ትስቃለች። አንድ ቀን ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት ይህን ሰምታ፣ «ይቺ ልጅ እየረገመችሽ ነው» ብላ ለማዳሟ ነገረቻት።

«ሰው ይፈራል፣ ያኒ» አለቻት ማዳሟ። «ካልተውሽ የእሑድ መውጫሽ ኸላስ፣ ቀረ!»

ዝናሽ በወር አንድ እሑድ ባውሽሪዬ ሰፈር ሐበሾች ወደሚጸልዩበት ክፍል ትሄዳለች። ሌላ ሰው በአማርኛ የሚመልስላት በዚያ ቀን ብቻ ነው። ያ ከቀረባት ምን ይተርፋታል?

አመልን ለመተው መጀመሪያ መቼ እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ዝናሽ ይህን ማንም ሳይነግራት ደረሰችበት። ጠዋት የሽርጧን ቀኝ ኪስ በቦሎቄ ሞላች፤ ብቻዋን እያወራች መሆኗን ባወቀች ቁጥር አንዷን ፍሬ ወደ ግራ ኪሷ ታዛውራለች። ማታ ሃያ ሦስት ሆኑ። አሥራ አራቱ የተነሡት በካውያ ሰዓት ነው። ደስ የሚለው ግኝት ግን ሌላው ነበር፤ ማዳሟ አጠገቧ ቆማ በምታዝበት ጊዜ፣ ቁጣም ቢሆን፣ አንዲትም ፍሬ አልተነቃነቀችም። አመሉ የሚመጣው እጇ ሥራውን ለምዶት ጆሮዋ ባዶ ሲቀር ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ መላ ፈለገች። እናቷ ልብስ ስትተኩስ አፏን ውኃ ሞልታ በጨርቁ ላይ እፍ ትል ነበር። ዝናሽ እፍታውን ትታ ውኃውን ብቻ ወሰደች። አንድ ጉንጭ ይዛ ትተኩሳለች፤ ሸሚዙ ሲያልቅ ትውጠውና ሌላ ትጎነጫለች። በሳምንቱ ቦሎቄዎቹ አምስት ሆኑ! ረቡዕና ዓርብ ስለምትጾም ካውያውን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አደረገችው።

ዐቢይ ጾም እንደሚመጣ ግን አላሰበችም። ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በአፏ አይዞርም፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ልብስ ደግሞ እንደ ረቡዕና ዓርብ አምስቱንም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ማቆየት አይቻልም። በሦስተኛው ቀን ሰገነትን ጮክ ብላ ስትሰድብ ማዳሟ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያሽ ነው!»

በዚያ ሳምንት እሑድ ተራዋ ስለነበር፣ ከጸሎት በኋላ በዕድሜ የምትበልጣትን፣ ሀደት ሰፈር የምትሠራውን ተዋበችን አማከረቻት።

«ወይ አንቺ፣ ውኃ ነው የዘጋሽበት?» ብላ ሳቀች ተዋበች። «ጎርፍ በጉንጭ ይገደባል እንዴ? ቦይ ቅደጂለት እንጂ!»

«የት ልቅደድለት፣ እትዬ?»

«ልብስ የምታሰጭው የት ነው?»

«ጣሪያው ላይ።»

«ማን አለ እዚያ?»

«ማንም።»

«በይ እንግዲህ፣ ያላ!»

አሁን ዝናሽ ወጉን ሁሉ አራት ሰዓት ላይ ልብስ ለምታሰጣበት ጣሪያ ለማቆየት እየሞከረች ነው። ካውያው ላይ ሰገነት ስትመጣባት ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ በልቧ «ቆይ፣ አራት ሰዓት ላይ» ትላታለች። ስድስት ቀን አንድም ድምፅ ከኩሽናው አልወጣም። አስቸጋሪው ሌላ ሆነ፤ አራት ሰዓት ሲደርስ፣ ከውኃ ታንከሮቹ መሐል እርጥቡን አንሶላ ይዛ ስትቆም፣ የተቆጠበው ወግ አይመጣላትም። በትእዛዝ ማውራት ከብቻ ማውራት ይብሳል።

ዛሬም አንሶላውን ዘረጋች፣ መቆንጠጫውን አኖረች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አንቺ ሰገነት» አለች፤ መልሱን ከየት እንደምታመጣው ገና እያሰበች።